የሼልቢ የክፍለ ጊዜ ፕሮግራም

ሰሜን ሚሺጋን
ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2019

ውድ ዌስ፣

እንዴት ከረምክ? የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ደረትህን ጠብቅ፤ በነዳጅ ማውጫው ካምፕ ውስጥ ሐኪም አለ ቢሉህም አንተ ካልወደቅክ በቀር እንደማትሄድ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። የጣሪያውን በረዶ ጎረቤታችን አርቮ ጠርጎልኛል። የእንፋሎት መታጠቢያችን ሳውናው ግን አንተ ከሄድክ ወዲህ እሳት አላየም።

በገና ካርድህ ላይ «ትምህርቱ እንዴት ሆነ?» ብለህ ነበር። መልስ ሳልጽፍ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ቅያሜ እንዳይመስልህ፤ የምጽፈው አጥቼ ነው።

የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት ለመሆን አራት ወር ቀረኝ። ሁለቱን ዓመት ክፍል ውስጥ ተማርኩ፤ አሁን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተለማማጅ ነኝ። አብረውኝ የሚማሩት ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት ዓመት ያልዘለሉ ልጆች ናቸው። የእኔን አርባ አራት ሲሰሙ «አያታችን» አሉኝ፤ ስሙም ጸና። በመጀመሪያው ዓመት የችሎታ ፈተና አሰጣጥ የምንለማመደው የጎረቤት ልጆች እየተዋስን ነበር። ውጤቱን ለወላጅ መንገር ክልክል ነው። አርቮ መንትዮቹን ይዞ መጣና በሩ ላይ ቆሞ «እናታቸውን ከመሰሉ ንገሪኝ፤ እኔን ከመሰሉ ግን አደራ፣ አፍሽን ዝጊ» አለኝ። መንትዮቹ ሳቁ። እኔም መሳቅ እንዳለብኝ ስለማውቅ ሳቅሁ።

እንዲህ ነው የምኖረው። ፕሮፌሰሩ በየሳምንቱ የሠራነውንና በሥራው የተሰማንን እንድንጽፍ ያዘናል። የእኔን ወረቀት ሲመልስልኝ ከግርጌው «ሁሉም ትክክል ነው። አንቺ ግን የት አለሽ?» ብሎ ጽፎበት ነበር። ቢሮው አስጠርቶኝም በዚህ ዓይነት ከቀጠልኩ የዚህን ሩብ ዓመት ልምምድ ሊያሳልፈኝ እንደሚቸገር ነገረኝ። ምንም አልተሰማኝም ብሎ መጻፍ ይቻላል እንዴ?

ባለፈው እሑድ ሼልቢ የምትባል የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በበረዶ ላይ በሚነዳ ሞተር የረጋውን ሐይቅ ስታቋርጥ በረዶው ከዳትና ሰጥማ ሞተች። ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ሮንዳ ጠርታ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። የሼልቢ የክፍለ ጊዜ ፕሮግራም ነው።

«ዛሬ ይህን ተከትለሽ ትውያለሽ» አለችኝ። «እሷ በምትገባበት ክፍል ሁሉ ግቢ። ወንበሯን እንዳያነሱት፤ አንቺም እንዳትቀመጪበት። ማውራት የፈለገ ልጅ ቢኖር አጠገቡ ሰው እንዲያገኝ ነው።»

«እሺ።»

«ኤልማ፣ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«እውነቱን ንገሪኝ።»

«እችላለሁ አልኩሽ እኮ።»

ሮንዳ ልጃችን ኢልሳ በአሥራ ሰባት ዓመቷ እንደሞተችብን ታውቃለች። ደጋግማ የጠየቀችኝም ለዚያ ነው።

አንደኛው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር። መምህሩ ስም ሲጠራ በልማድ «ሼልቢ» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ መስኮቱን አየና ቀጣዩን ስም ጠራ። ሦስተኛው ሙዚቃ ነበር፤ ሼልቢ ትሮምቦን የሚባለውን ረጅም ጥሩምባ ትነፋ ነበር አሉ። አንዱንም ዜማ አልተጫወቱም፤ መሣሪያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እኔም ከኋላ ተቀመጥሁ።

በመተላለፊያው ስሄድ ለልጃችንስ እንዲህ ፕሮግራሟን ይዞ የዋለላት ሰው ነበር ወይ ብዬ አሰብኩ። ትዝ የሚለኝ ያቺ መኪና ከገደለቻት በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቷ ዕቃዋን በካርቶን አድርገው ሲሰጡን ነው። አንተ ተሸከምክ፤ እኔ በር ከፈትኩልህ። በቀብሯ ማግስት «የመኪናውን ቁልፍ የሰጠሃት አንተ ነህ» አልኩህ። ልክ አልነበርኩም፣ ዌስ። ስትጠይቀኝ እኔም እሰጣት ነበር። ይህን ለመጻፍ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

ምሳ ሰዓት የሼልቢ ጓደኛ ብሬና ከጠረጴዛው ብድግ ብላ ጮኸችብኝ። «አንቺ ማነሽ? ከጠዋት ጀምሮ ምን ትከተይናለሽ?»

«ኤልማ እባላለሁ። የሥነ ልቦና ተለማማጅ ነኝ።»

«ተለማማጅ! ልምምድሽን በእኛ ላይ ልትሠሪ ነዋ! አንቺ እንኳን ሰው ሞቶብሽ ጥርስሽንም አሞሽ አያውቅ!»

የራስን ሐዘን ተማሪ ላይ መጣል እንደማይገባ ተምረናል። ስለ ኢልሳ ያልነገርኳት ግን ለዚያ አይደለም። ከውስጤ የሚወጣ ነገር ፈልጌ አጣሁ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ብሬና «እሺ በቃ ተቀመጪ፤ እንደ ምሰሶ አትገተሪብን» አለችኝ። ስጋ ከተሞላበት ዳቦዋ ግማሹን ቆርሳ ገፋችልኝ። በላሁት።

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሸክላ ሥራ ነው። መደርደሪያው ላይ ሼልቢ የጀመረችው ጎድጓዳ ሳህን ደርቆ ተቀምጧል። «እቶን ገብቶ ይተኮስ!» አሉ ግማሾቹ። «እሳት ውስጥ ቢሰነጠቅስ?» አሉ ሌሎቹ። ሊጣሉ ሲደርሱ እናትዋን እንድንጠይቅ ነገርኳቸውና ደወልኩ።

«ሳይተኮስ አምጡልኝ» አለች እናትየው፣ ካርላ ትባላለች። «የጣቷ ምልክት ካለበት አትንኩት።»

ከሰዓት በኋላ ሮንዳ መምህራኑን ጠይቃ ኖሮ «ድንጋይ ናት ይሉሻል» አለችኝ። «ጥሩ ነው መጥፎ?» አልኳት። «አላውቅም። ግን አንድም ክፍለ ጊዜ ጥለሽ አልወጣሽም። ለፕሮፌሰርሽ እሱን እጽፍለታለሁ።» ጻፈችለት። ትናንት አሳልፎኛል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ሮንዳ እየነዳች፣ ሳህኑን በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤ ካርላ ቤት ሄድን። ጠረጴዛው ጎረቤት ባመጣው ምግብ ተሞልቶ ሳህኑን ማስቀመጫ ቦታ አልነበረም። ካርላ ተቀበለችኝና አውራ ጣቷን የልጅቷ ጣት ያረፈበት ስርጉድ ውስጥ አገባች። እንደዚያው ይዛ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺስ ልጅ አለሽ?»

ሮንዳ ወደ እኔ ዞረች።

«ሴት ልጅ አለችኝ» አልኩ።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ ሰባት።»

«ዛሬ ቤት ስትገቢ እቀፊያት። የተቀየምሽባትም ነገር ካለ ተይላት።»

«እሺ» አልኳት።

ቤት ገባሁ። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ሾርባ አሞቅሁ። «እሺ» ያልኩት ትዝ አለኝና ማንኪያውን እንደያዝኩ ቤቱን ዞሬ ዞሬ አየሁት። ከዚያ ተቀምጬ በላሁ። አላለቀስኩም።

የፀደይ ዕረፍትህ መቼ እንደሆነ ጻፍልኝ። ና ማለቴ አይደለም። ከመጣህ ግን በሩ አይቆለፍም።

እግዚአብሔር ከሚያዳልጠው ብረት፣ ከሚከዳው በረዶ ይሰውርህ። ብቻህን በምትበላው ማዕድ ላይም እሱ ይቀመጥልህ።

የኢልሳ እናት፣
ኤልማ