ከካርቶኑ ጀርባ የቆረጥኳት ሽቦ

ታኅሣሥ 3
ብርድ። ጠዋት ሁለት ባጃጅ ሠራሁ፤ የአንዷን ፍሬቻ፣ የሌላዋን ክላክስ። ከሰዓት አያ ገብረ አማኑኤል ቮልሳቸውን አስጎትተው መጡ። አራት ዓመት ጭድ ተቆልሎባት የኖረችውን! 
«ትእዛዙ፣ ሽቦዋን አስተካክልልኝ። የፊት ኮፈኗም ወለሉ በዝገት አልቋል። ትንሿ ልጄ ሰላማዊት ጥር ላይ ትወልዳለች። ይችን ደግሞ በቃሬዛ አልሸኛትም።»
እሺ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ታኅሣሥ 5
የቮልስ ሞተሩ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ከፊት ነው። ኮፈኑን ከፈትኩ። የገንፎ ዱቄት... ታላቋ ልጃቸው ጥሩሐረግ ስትወልድ እንድትበላው የተጫነ። ከአይጥ የተረፈው እንደ ሲሚንቶ ደርቆ ብረቱ ላይ ተጣብቋል። ስፍቅ ዋልኩ። አንዲት የሕፃን ኮፍያ ወጣች። እጄ ላይ ይዣት ቆምኩ፤ ምን እንደማደርጋት ጠፋኝ።
ከኮፈኑ ውስጥ፣ ከመሪው በኩል የሚመጡትን ሽቦዎች የሚሸፍን ካርቶን አለ፤ ከካርቶኑ ጀርባ ያሉትን ሽቦዎች አልነካሁም። ነገ።

ታኅሣሥ 6
ዛሬም አልነካሁም።

ታኅሣሥ 9
ልጻፈው። ለማንም ተንፍሼ አላውቅም።
በጦርነቱ ነሐሴ አያ ጠሩኝ። መኪናዋን ታጣቂ እንዳይወስድብኝ፣ እንዳትነሳ አድርጋት አሉኝ። ከሞተሩ የኮይሏን፣ ለሻማው እሳት የምትሰጠዋን፣ ሽቦ ነቅዬ በእጃቸው ሰጠኋቸው። «ሲያስፈልግዎ መልሰው ይሰኳት፣ ትነሳለች።» እሳቸው ቤት ከገቡ በኋላ ግን... ይችንማ ማንም ሹፌር ያውቃታል ብዬ፣ ብልጥ ነኛ፣ ከቁልፉ ወደ ኮይሉ የምትመጣውንም ሽቦ ከካርቶኑ ጀርባ ቆረጥኳት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ጠዋት እነግራቸዋለሁ አልኩ። ጠዋት ተኩስ ሆነ፤ ወደ ጎረቤታችን ዝቋላ ወረዳ ሸሸሁ።
የሆነውን ስመለስ ነው የሰማሁት። በሦስተኛው ቀን ጥሩሐረግን ምጥ ያዛት። እዚህ ሐኪም የለም። ወደ አምደወርቅ ሊወስዷት አያ ሽቦዋን ሰኩ፣ ቁልፍ አዞሩ... ባትሪው እስኪሞት አዞሩ። በቃሬዛ ወጡ። ዳገቱ ላይ እሷም ሕፃኑም አለፉ።
አሁን በጠራራ ፀሐይ፣ ሥራዬ ላይ ሆኜ፣ ሞተር ልነሳ ልነሳ ሲል፣ እንቢ ሲል እሰማለሁ። ቀና ስል ማንም የለም።

ታኅሣሥ 12
አያ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እጃቸውን ያያሉ። «ያን ቀን እጄ ተንቀጠቀጠ። ሽቦዋን አሳስቼ ሰካኋት። ልጄን የገደልኳት እኔው ነኝ» አሉ። ሚስታቸው እማማ ወለተጊዮርጊስም የሚያምኑት ይህንኑ ነው። አራት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ባላቸውን አላናገሩም። ጨው ሲያስፈልጋቸው እንኳ በሰላማዊት በኩል ነው።
አፌን ከፈትኩ። «ባትሪው አዲስ ቢሆን ይሻላል» አልኩ። ፈሪ!

ታኅሣሥ 17
ካርቶኑን አነሳሁ። እዚያው ናት፤ ጫፏ በእኔው ቀይ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ዝም ብዬ ብቀጥላት ማን ያውቃል? የአንድ ደቂቃ ሥራ... እጄ እንቢ አለኝ። አያን አስጠራሁ።
ሁሉንም ነገርኳቸው።
«እኔ የሰካኋትስ?»
«ልክ ነበረች፣ አያ።»
«ልክ ነበረች?»
«ልክ ነበረች። የእርስዎ እጅ አልተሳሳተም።»
ይመቱኛል ብዬ ነበር። ቢመቱኝ በተሻለኝ። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው ተንሰቅስቀው አለቀሱ። ከዚያ «ቀጥላት። እያየሁህ ቀጥላት» አሉኝ።

ታኅሣሥ 26
የዛገው ወለል ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበይዷል። ሽቦው በየቀለሙ ታስሯል። አያ በየቀኑ እየመጡ እያንዳንዱን ሽቦ፣ ይቺስ ወዴት ነው የምትሄደው፣ እያሉ ጠየቁኝ። ዛሬ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ነድተው ሄዱ። ደህና ዋል አላሉኝም።

ጥር 13
ቮልሷ በሱቄ በር አለፈች። ሰላማዊት ከኋላ፣ እናቷ ደግፈዋት። ድምጿ እስኪጠፋ ቆሜ ሰማሁ።

ጥር 14
ወለደች አሉ። ሴት። ሁለቱም ደህና ናቸው። ተመስገን... ተመስገን።

ጥር 18
እንኳን ማርያም ማረችሽ ልላት ሄድኩ። በሩን የከፈቱት እማማ ወለተጊዮርጊስ ናቸው። አዩኝ። አያ ሁሉንም እንደነገሯቸው ከዓይናቸው ገባኝ። ከውስጥ አያ «ማን ነው?» አሉ።
እማማ ሰላማዊትን አልጠሩም። ራሳቸው ወደ ባላቸው ዞሩ።
«ማንም አይደለም። ና፣ ምሳህ ይቀዘቅዛል።»
በሩ ተዘጋ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ቤቴ እስክደርስ ግን እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።