ስለ ኢንጂነር ኔቬና ካራጎዞቫ ዕረፍትና ስማቸው ከቢሯችን በር ስለመነሳቱ

እኛ የቬርብና ወንዝ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሠራተኞች፣ የወንዙ የወደፊት የውሃ መጠን ጥናት አስተባባሪ የነበሩት ኢንጂነር ኔቬና ካራጎዞቫ ባለፈው ማክሰኞ ቢሯቸው ውስጥ በሥራ ላይ እንዳሉ በድንገት ማረፋቸውን ስንገልጽ ሐዘናችን ከባድ ነው። ንዴትም አለበት፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እናስረዳለን።

ኢንጂነር ኔቬና ተወልደው ያደጉት በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በቡርጋስ ሲሆን ሙያቸው የወንዞችን ፍሰት መለካት ነበር። ወደ እኛ የመጡት እ.ኤ.አ. በ2003 ለሁለት ዓመት ብቻ ተብሎ ነው። ከብቃታቸው ሌላ ያስመረጣቸው የጎርና ቬርባም የዶልና ቬርባም ሰው አለመሆናቸው ነበር። ላይኛዋ ጎርና ቬርባ በሆቴሎቿና በመዋኛዎቿ፣ ታችኛዋ ዶልና ቬርባ በበርበሬ እርሻዋ ይተዳደራሉ፤ በውሃ ጉዳይ አንዷ የሌላዋን ሰው አታምንም።

በ2005 የጥናቱን ዕቅድ አጠናቀው አቀረቡ። ወንዙ ላይ መለኪያዎች አስተከሉ፤ ዛሬ ምን ያህል ውሃ እንዳለ፣ ልጆቻችን ሲያድጉ ምን ያህል እንደሚኖርና ለማን ምን ያህል እንደሚደርስ የሚታወቅበትን መንገድ ቀየሱ። የመንግሥት ፈቃዱም በእሳቸው ስም ወጣ። ሁለቱ ከተሞች የሚቀመጡበት የማኅበሩ ቦርድ ዕቅዱን አመስግኖ «ይሻሻል» ሲል መለሰው።

በ2009 የተሻሻለውን አቀረቡ። ጎርና ቬርባ የመዋኛዎቹ ፍጆታ እንዳይጠና ጠየቀች። በ2013 ደግሞ ዶልና ቬርባ የበርበሬው መስኖ እንዳይነካ ጠየቀች። የ2017ቱም ያው ነው፤ ዝርዝሩ አንባቢን ከማድከም በቀር የሚፈይደው የለም። ሁለቱም ጥናቱ እንዲታቀድ ይፈልጋሉ፣ እንዲያልቅ ግን አይፈልጉም። ካለቀ አንዷ ቧንቧዋን መዝጋቷ አይቀርምና።

በ2018 ኢንጂነር ኔቬና ጡረታ ጠየቁ። ልጃቸው ካሊና ቡርጋስ ውስጥ መስኮቱ ወደ ባሕሩ የሆነ ክፍል አሰናድታላቸው ነበር። በደንባችን መሠረት ግን ተተኪ የሚመረጠው በሁለቱ ከተሞች ሙሉ ስምምነት ብቻ ነው፤ ያለ ተተኪ ቢለቁ ፈቃዱ ይሰረዛል፣ መለኪያዎቹም ይነቀላሉ። በዕለቱ ስብሰባ የተባለውን ሁላችንም ሰምተናል። የጎርና ቬርባው ከንቲባ አቶ ቦግዳን ሽቴሬቭ፣ «አንቺ ከሄድሽ ከነዚህ በርበሬ ጠባሾች ጋር ማን ያስታርቀናል? አርፈሽ ተቀመጪ እንጂ፣ ኢንጂነር» አሉ። የዶልና ቬርባው ከንቲባ አቶ ራንጌል ቱፋሮቭም፣ «ዕድሜ ልኬን ከዚህ ሰውዬ ጋር የተስማማሁት ዛሬ ነው፤ የትም አትሄድም» ብለው ሳቁ። ኢንጂነር ኔቬና አልሳቁም። «ለመሆኑ የምትፈሩት ድርቁን ነው ወይስ ቁጥሩን?» ብለው ጠየቁ። ባልደረባችን ፅቬታ እንደ አገሩ ልማድ መንገዳቸው እንደ ውሃ እንዲቀና ደጃፍ ላይ ልትደፋው በመዳብ ማሰሮ ቀድታ የያዘችውን ውሃ መልሳ አበባ አጠጣችበት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጠየቁ፤ በየዓመቱ ተከለከሉ። «ታዲያ ለምን ጥለውት አይሄዱም?» ስንላቸው፣ «መለኪያዎቹስ? የታሰርኩበትን ገመድ የፈተልኩት እኔው ነኝ፣ ምን ላድርግ» ይሉን ነበር። ወንዙ ከቀነሰና ውሃ ለሁለቱ ከተሞች በተራ መለቀቅ ከጀመረ በኋላማ ስለ ባሕሩም ማውራት ተዉ።

ባረፉ ማግስት ቦርዱ ተሰበሰበ። ፈቃዱ እንዳይሰረዝ በሚል፣ ተተኪ እስኪመረጥ ድረስ ኢንጂነር ኔቬና በአስተባባሪነታቸው እንዲቀጥሉና በሩ ላይ ያለው የስም ሰሌዳቸውም እንዳይነሳ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። አስከሬኑን ልትወስድ የመጣችው ካሊና እዚያው ቆማ፣ «እናቴ እኮ ሞታለች። አሁን እንኳን ልቀቋት» አለች። አቶ ቦግዳን ሐዘኗን እንደሚጋሩ፣ ጉዳዩ ግን የአሠራር እንደሆነ ገለጹላት።

እኛ በዚህ አልተስማማንም። ትናንት ረፋድ ላይ ሰሌዳውን ፈትተን ለካሊና አስረክበናል፤ ፈቃዱን ለሰጠው መሥሪያ ቤትም ኢንጂነር ኔቬና ማረፋቸውን በጽሑፍ አሳውቀናል። ስለዚህ ፈቃዱ ይሰረዛል። መለኪያዎቹ ሲነቀሉ ማየት ያመናል፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱበት ሥራ ነውና። ጥናቱን የሚፈልግ ካለ ግን በሕያው ሰው ስም ይጀምረው። ይህን መግለጫ ቦርዱ አላጸደቀውም። ቅር የተሰኘ በሥራ ሰዓት መጥቶ ሊያናግረን ይችላል።

ለካሊና፣ ለመላው ቤተሰባቸውና ከእሳቸው ጋር ወንዙን ለተመላለሱ የሙያ ባልደረቦቻቸው ሁሉ ብርታቱን እንመኛለን። እኛም ያስፈልገናል።

አስከሬናቸውን የያዘው መኪና ወደ ቡርጋስ ሲነሳ ፅቬታ ያንኑ የመዳብ ማሰሮ አውጥታ ደጃፋችን ላይ ውሃ ደፋችላቸው። የቧንቧው ተራ የጎርና ቬርባ ስለነበረ ውሃውን ከሱቅ ነው የገዛነው።

የማኅበሩ ሠራተኞች
ዶልና ቬርባ