የአያትሽ በሽታ ስም

ለልጄ ለመርዋ፣

የአላህ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ፤ በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ። እዚህ ሚዛን ቡናው ቀልቷል፤ ዘንድሮ የምለቅመው ብቻዬን ነው።

በአረፋ ሰሞን ጉንፋን ይዞኛል ያልኩሽ ውሸት ነበር፤ ኦፕራሲዮን ተደርጌ ነው። ብቻዋን ትደነግጣለች ብዬ ደበቅኩሽ። ያወጡልኝን እጢ ለዘረመል ምርመራ ልከውት ነበር፤ ውጤቱ ትናንት ደረሰ። ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚመርጡት በዚያ ውጤት መሆኑን አስረዳኝ። የተለመደው መድኃኒት ለእኔ ዓይነቱ ብዙም ስለማይሠራ ሌላ ያዝልኛል።

ቀጥሎ እናቴ በምን እንደሞተች ጠየቀኝ። ምን ልበለው? እኛ ቤት «ሆዷን አሟት» ተብሎ አለቀ። የበሽታውን ስም መጥራት እሱኑ መጋበዝ ይመስለን ነበር። ሐኪሙ ግን የእኔው በዘር የሚወርድ ሳይሆን አይቀርም አለኝ።

ስለዚህ እኔ ስሙን ልጻፍልሽ፤ የአንጀት ካንሰር ነው። አላህ ከእኔ አያሳልፈው። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ይህን ደብዳቤ ለሐኪም አሳዪና ተመርመሪ። ብቻሽን ግን አትሂጂ፤ ጓደኛሽን አስከትዪ። እኔ ትናንት ውጤቱን ሰምቼ ስወጣ፣ የምነግረው ሰው አጥቼ ለባጃጅ ሹፌሩ ነገርኩት።

እናትሽ ዘይቱ