የሞንተሬይ ሽፍታ

ረቡዕ፣ ሜይ 18፣ 2016

ከሥራ ወጥቼ ሰፈራችን ፌርፋክስ ላይ ፓርኪንግ ስፈልግ መሽቶብኝ ገባሁ። አባዬ ደስ ብሎት ጠበቀኝ። የዘንድሮው የቤተ ክርስቲያን ጉዞ ሞንተሬይ ሆኗል። "ባሕር አለ፣ ታሪክ አለ" ይላል። ባሮክም አለ እኮ!

አባዬ ባሮክን በስም ብቻ ነው የሚያውቀው። ባሮክ በሚቀጥለው ወር ሽማግሌ ሊልክ ነው። አባዬ "ምን ይሠራል?" ሲለኝ፣ "በታሪክ ዙሪያ" አልኩት። ታዲያ ውሸት ነው? ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ገደማ የባሕር ወንበዴዎች በመርከብ መጥተው ያቺን ከተማ አቃጥለዋታል። ባሮክ ደግሞ እዚያው እንደ ወንበዴ ለብሶ፣ ጎራዴ ይዞ እንግዳ ያስጎበኛል። ታሪክ ካልሆነ ምንድን ነው?

ግን አባዬ... የጭራቅ ልብስ በሚለበስበት በሃሎዊን ማታ መብራት አጥፍቶ የሚጸልይ ሰው። የራስ ቅል ያለበት ቲሸርት ለብሶ የመጣን ልጅ ከመዘምራን ያስወጣ ሰው። ለባሕር ወንበዴ ልጁን ይሰጣል?

ሐሙስ፣ ሜይ 19

ለባሮክ ደውዬ እንደምንመጣ ነገርኩት። "ሶ ምን ላድርግ? ኦፍ አይሰጡኝም" አለ። "ፂም ለጥፌ፣ አንድ ዓይኔን ሸፍኜ ማን ያውቀኛል? አማርኛ አልናገርም፣ ኦኬ?" ይስቃል። ልቆጣው ፈልጌ እኔም ሳቅሁ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 28

ሞንተሬይ፣ ሆቴል። አሁንም ሳቄ ይመጣል፣ ከዚያ ደግሞ ፍርሃቴ።

ከተማዋ እንዴት ታምራለች! ነጫጭ የጭቃ ቤቶች፣ ደጃቸው ላይ አበባ፣ ወረድ ሲሉ ባሕሩ። የባሕር አንበሶቹ ሲንጫጩ የጸሎት መሪያችን እትዬ ባንቺአየሁ "እነዚህስ ጉባኤ ላይ ናቸው" አሉ።

ከዚያ ከአንድ ግድግዳ ኋላ ወንበዴው ዘሎ ወጣ። የኔው ባሮክ! ራስ ቅል ያለበት ባርኔጣ፣ ጎራዴ፣ ደግሞ ሲያገሳ... እትዬ ባንቺአየሁ "ኢየሱስ!" ብለው እኔ ላይ ወደቁ። አባዬ እጁን ዘረጋ። "በኢየሱስ ስም! ልቀቀው!" ሁሉም ተከተሉት። መንገዱ ላይ ጸሎት ተጀመረ። ፈረንጆቹ የትርኢቱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ። ምስኪን ባሮክ ጎራዴውን እንዳነሳ ደርቆ ቀረ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ሲረጋጋ ግን አባዬን አሳዘነው መሰለኝ። ልጁ በላብ ተጠምቋል። ለመንገድ ከያዝነው ድፎ ዳቦ ቆረሰና "ሶሪ ማይ ሰን፣ ኢት" አለው። ባሮክ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጎራዴውን ብብቱ ሥር ሸጎጠ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ!

አባዬ እጆቹን አየ፣ አየ...

"አበሻ ነህ?"

"...አዎ፣ ጋሼ።"

"የማን ልጅ ነህ?"

"የአቶ እንግዳ። ጋርዴና የሚኖሩት። ባሮክ እባላለሁ።"

አባዬ ቀስ ብሎ ዞሮ ፈለገኝ። ከእትዬ ባንቺአየሁ ኋላ ተደብቄ ነበር። የተረፈውን ዳቦ ጠቅልሎ መንገዱን ቀጠለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ሜይ 29

ቤት ልንደርስ ስንል አባዬ፣

"ታሪክ ነው አልሽኝ።"

"ታሪክ ነው እኮ አባዬ..."

እምቢ ቢልስ? ያለ አባዬ ምርቃት ማግባት አልችልም። ያለ ባሮክም አልችልም።

ቅዳሜ፣ ጁን 25

ሽማግሌዎቹ መጡ። ጋሽ ሀይሉ ከፊት። እንደ ወጉ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። እኔ ኪችን ውስጥ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌያለሁ።

"ልጁ ሥራው ምንድን ነው?" አባዬ።

ጋሽ ሀይሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እ... በቱሪዝም በኩል..."

"ሽፍታ ነው በሉኝ እንጂ!"

ጆሮዬን አጥብቄ ለጠፍኩ፤ አባዬ ቀጠለ።

"ያንን ራስ ቅል አልወደውም። ደውዬም ነግሬዋለሁ።"

ደውሎ? መቼ? ሁለቱም አልነገሩኝም!

"ግን ማንም አያውቀኝም ባለበት ቦታ፣ ያን ሁሉ ተሸክሞ፣ እያወገዝኩት... ዳቦ ስሰጠው በሁለት እጁ ነው የተቀበለኝ። ይኼንን ልብስ አይሸፍነውም።"

አሁን "ዘመድ እንጠይቅ፣ ሌላ ቀን ተመለሱ" ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ወጉ ነው። ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

"ተቀመጡ" አለ አባዬ። "ሮሐ! ዳቦ አምጪ።"

በሁለት እጄ ይዤ ገባሁ።