የሂሩት ጓንት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

የጤና ጣቢያችን የወረርሽኝ ቡድን መሪነት ለሂሩት ተሰጣት። እሪ በከንቱ ሰፈርን ቤት ለቤት አሥራ አንድ ዓመት የዞርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ከተቀጠረች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ከሰማሁ ጀምሮ አንጀቴ አሯል።

ዛሬ ለአዲስ ተላላፊ በሽታ የመዘጋጃ ልምምድ ነበረን። መከላከያ ልብሷን ለብሳ፣ «ሲስተርዬ፣ እስቲ እዪልኝ፤ ክፍተት አለው?» አለችኝ። የግራ ጓንቷ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። አየሁት።

«ምንም የለውም» አልኳት።

በኋላ አሰልጣኙ ቀዳዳውን አገኙት። «እውነተኛ ቢሆን ኖሮ በሽታውን ይዘሽ ቤትሽ ትገቢ ነበር» አሏት በሰው ፊት። አለቀሰች። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ማን እንዳየላት ሲጠይቋትም፣ «በሲስተር አትፍረዱ፤ በጣም ትንሽ ቀዳዳ ናት» ብላ ተከራከረችልኝ። እንዲህ ያለ ልብ ስላላትም ቀናሁባት።

እውነቱን ግን አልነገርኳትም።