ስለ ሌላ ነገር ተናገሪ

ሱሉልታ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ምግቡስ፣ የመኝታሽስ ነገር እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ዛሬ ጽሕፈቱ የራሴ ነውና እየታገሥሽ አንብቢው። ፊደል ከቆጠርኩ ብዙ ዘመን ስለሆነኝ እጄ ይዘገያል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የንግግር ትምህርት መምረጥሽን፣ እሱን የጨረሰ ሰው ሬዲዮ ጣቢያም ፍርድ ቤትም ሚኒስቴር መሥሪያ ቤትም ቢሄድ እንደሚፈለግ ጽፈሻል። መምህራችሁ፣ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል፤ ያወቀውን ለሌላው ማስረዳት የሚችል ግን ጥቂት ነው አሉ ብለሻል። እውነታቸውን ነው። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና፣ የአባቱን መሬት የተነጠቀው እውነት አጥቶ አይደለም፤ ዳኛ ፊት ሲቆም ምላሱ ታስሮበት ነው። ስለዚህ ትምህርትሽን አልጠላሁትም።

ያስጨነቀኝ ለፈተናው የምትናገሪው ነገር ነው። ስለ ሱሉልታ ጭሰኞች፣ ሙሉ አዳራሽ ፊት እናገራለሁ ብለሻል። ልጄ፣ እሱን ተዪው።

ለፋሲካ መጥተሽ ወንድምሽን ብዙነህን ስታስተምሪው ትዝ ይልሻል። እግርህን ትከል፣ መጀመሪያ ተንፍስ፣ የአንድ ሰው ዓይን እያየህ ተናገር ትይው ነበር። ከሄድሽም በኋላ በረት እየገባ ለላሞቹ ይናገር ነበር። ጎረቤታችን ደራርቱ፣ ላሞቹ ወተት የከለከሉን ስብሰባ በዝቶባቸው ነው እያለች ታበሽቀው ነበር። በግንቦት የባለመሬቱ ወኪል አቶ አሥራት መጥቶ ሰዉን ሰብስቦ፣ ጭሰኞቹ ክረምቱን ሳያርሱ ይልቀቁ ሲል ወንድምሽ ተነሣ። ልክ እንዳስተማርሽው ቆመ። ሳይሳደብ፣ ሳይቸኩል ተናገረ። ሰው ሲናገር ጣልቃ ሳይገቡ የማያውቁት ኦቦ ኢቲቻ እንኳን እስኪጨርስ ሰሙት። ወኪሉ ፈገግ ብሎ፣ "ይህን አፍ ከየት ተበደርከው?" አለው።

"ከእህቴ። ኮሌጅ እየተማረችው ነው። ስትጨርስ እሷው መጥታ ታነጋግርዎታለች።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወኪሉም ሳቀ። ከዚያ የኮሌጁን ስም ጠየቀ፤ ወንድምሽም በኩራት ነገረው።

ብዙነህ ደብዳቤ አቋረጠብኝ ብለሽ አትቀየሚው። ጫንጮ ገበያ ከሄደ ወዲህ ብዕር አልያዘም። የሚጋልባትን በቅሎ ለኦቦ ኢቲቻ ሰጠኋት፤ ደጅ ቆማ መንገድ መንገዱን ስታይ ማየት አልቻልኩም። እናትሽን ጥቁር ለብሳ አየናት የሚልሽ ሰው ቢኖር፣ ዘንድሮ ሐዘን ያልገባበት ቤት የለም በይው። ጭሰኞቹ ጓዛቸውን ጭነው ወደ መናገሻ ሄዱ። አሁን ማንም ስብሰባ አይወጣም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ የማላውቀው ሰው አጥሩ ጋ ቆሞ፣ ልጅዎ መቼ ነው የምትመጣው ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። ደህና የለበሰ ሰው ነው። አትመጣም አልኩት።

እንግዲህ ስለ ሌላ ነገር ተናገሪ። ስለ ውሃ ንጽሕና ተናገሪ፣ ስለ ዛፍ ተከላ ተናገሪ። ነጥቡን አይነፍጉሽም። ሬዲዮ ጣቢያ ሲቀጥሩሽ የጻፉልሽን አንብቢና ደመወዝሽን ተቀበዪ። እናቴ ፈሪ ናት በይኝ፤ ግድ የለም።

ፈተናውን እስክትጨርሺ ማንም አይመጣብሽም፤ ዘመዶቻችንን ለምኜአቸዋለሁ። በማግስቱ ግን ኦቦ ኢቲቻና የነፍስ አባታችን በማለዳ ይመጣሉ። ለምን እንደመጡ እነሱ ይነግሩሻል፤ በወረቀት የሚባል ነገር አይደለም። ብቻሽን ሆነሽ አትቀበያቸው። አብራሽ የምታድረው ልጅ አጠገብሽ ትቀመጥ፤ እጅሽን ትያዝሽ። ወደዚህ ግን አትምጪ። እኔ ወዳለሽበት እመጣለሁ።

እመቤቴ በሄድሽበት ትከተልሽ። አንደበትሽን ትጠብቅልኝ፤ ዕድሜሽን ታርዝምልኝ። አንቺስ ቅበሪኝ።

እናትሽ