ፌንጣን ከባድ ሚዛን ሊያደርጉ ለተነሡት ክቡር ሊቀመንበር

ለክቡር የቦክስ ፌዴሬሽናችን ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለመላ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ከአንዱ የሥልጠና ካምፕ ወደ ሌላው ቀዳዳ ለሚጨምረው ቀበቶዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ እርስዎ ከቀላል ሚዛን አንሥተው መካከለኛ ሚዛን ያደረጉት፣ አሁን ደግሞ ለመጪው ውድድር ከባድ ሚዛን ሊያደርጉት ማስታወቂያ የለጠፉበት ቦክሰኛ ታላቅ እኅት ነኝ። ሙያዬ ልብስ ሰፊነት ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ልጁን ያሳደግሁት እኔ ስለሆንሁ፣ ስለ ገላው ጥቂት ቃል ብናገር እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝም ብዬ አምናለሁ። ፌንጣ የሚለውን ቅጽል ያወጡለት የሰፈር ልጆች ነበሩ፤ ሲጫወት እግሩ መሬት አይነካም ነበርና። አሁን ይነካል፤ ምስጋናው የእርስዎ ነው።

ደብዳቤዬን በግልጽ ያወጣሁት ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር “ስብሰባ ላይ ናቸው” ስለተባልሁና ስብሰባውም በምግብ አዳራሹ በኩል እንደሚካሄድ የጥብሱ ሽታ ስለነገረኝ ነው። ቅሬታ ማለት ስለሚከብደኝ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. በመካከለኛ ሚዛን የሚወዳደር ሰው ሲጠፋ ሌላ ሊቀመንበር ቢሆን ሰው ፍለጋ ይወጣ ነበር። እርስዎ ግን ያለውን ሰው አወፍሮ ክፍት ቦታውን መሙላት እንደሚቻል ስለደረሱበት አደንቅዎታለሁ። ወንድሜ ከጠገበ በኋላም እንዲበላ ታዘዘ፤ ጠዋት ዳቦ በማርማላታ፣ ቀን ፓስታ በዘይት፣ ማታ ሩዝ በዘይት፣ በየመሐሉም ብስኩትና ለስላሳ። አልችልም ሲል የካምፑ ኃላፊ ከጎኑ ቆሞ “ብላ እንጂ፣ ላገር ነው” ይለው ነበር።

፪. እንቁላሉ፣ ዓሣውና ዶሮው ግን “ሥጋ የቦክሰኛን እግር ያስራል” በሚለው መመሪያዎ መሠረት ከተወዳዳሪዎቹ ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ አመራሩ ጠረጴዛ ተዛወረ። ልጆቹን ከዚህ አደጋ ለመከላከል ሲል አመራሩ ራሱን አሳልፎ ሰጥቶ ያን ሁሉ ዶሮ መብላቱ ልቤን ነክቶታል።

፫. ሚዛንዎን አመሰግናለሁ። መርፌው ከፍ ባለ ቁጥር አጨብጭባችሁለታል፣ ፎቶም አንሥታችሁታል። እኔ ግን ቁምጣና ካናቴራውን ልለካ ስመጣ ወገቡን ማስፋት፣ ትከሻውን ደግሞ ማጥበብ ነበረብኝ። ሰው በአንድ ጊዜ ሲወፍርም ሲከሳም አይቼ ስለማላውቅ ሜትሬ ያረጀ መስሎኝ ሌላ ገዛሁ። አዲሱም ያንኑ አለ።

ግራ ቢገባኝ የፌዴሬሽኑን ሐኪም ጠየቅኋት፤ ለእርስዎም ደጋግማ እንደነገረችዎ አጫወተችኝ። ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ሲበላ፣ ፕሮቲኑ በዛም አነሰም፣ ትርፉ ስብ ሆኖ ይከማቻል፤ በዚህ ሁለቱ ጠረጴዛዎች እኩል ናቸው። ልዩነቱ፣ በቂ ፕሮቲን ያገኘ ሰውነት ከስቡ ጋር ጡንቻም ይጨምራል፤ ቁጭ ባለበትም ከበፊቱ የበለጠ ኃይል ያቃጥላል። ፕሮቲን ያጣው ግን ስቡን እያከማቸ ጡንቻውን ያጣል። ጡንቻ ስለማይጨምርም ኪሎው እምብዛም አይፈጥንም። ሚዛን ደግሞ የመዘነው ስብ ይሁን ጡንቻ አይጠይቅም። ወንድሜ ኪሎ መጨመር ሲያዘግም “ሰነፍ ነው” ብለው ዘይቱን በእጥፍ ያሳደጉለት ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ መሆኑ፣ በሰው ምክር የማይወላውሉ መሪ መሆንዎን ያስመሰክራል።

፬. በውድድሩ ቀን ሚዛኑን አለፈ፤ ሪንጉን ግን አላለፈም። ወንድሜ ሲመታ ከዚህ በፊት አይቼ አውቃለሁ። በሁለተኛው ዙር ገመዱን ይዞ አየር ሲፈልግ ግን አይቼ አላውቅም። አለቀስሁ፤ ይህን ያለ ምንም ሽሙጥ ነው የምጽፈው። ቤት ስንደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና “እትዬ፣ ክንዴ እኮ የኔ አይመስለኝም” አለኝ። የእርስዎ መግለጫ ግን ክብደት የመጨመሩ ዕቅድ ሙሉ በሙሉ እንደተሳካ፣ ሽንፈቱም የልጁ የሥነ ልቡና ችግር እንደሆነ አብሥሮናል። ለዚህም አመሰግናለሁ፤ እኔ የቡጢ መስሎኝ ነበር።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፤ ልጁን ከከባድ ሚዛን ዝርዝር ያውጡልኝ። እዚያ የሚጠብቁት ሰዎች በማርማላታ የከበዱ አይደሉም። አንድ ያልታሰበ ቡጢ ቢያርፍበት እርስዎ መግለጫ ይሰጣሉ፤ የምቀብረው እኔ ነኝ። ካምፑን ለቆ ወደ እኔ ቤት መጥቷል፤ እስኪያገግምም አልመልሰውም። ለዚህ ቅጣት ካለ በአድራሻዬ ይላኩልኝ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ውሻም የለኝም።

በተቀመጠበት ሳይቀር ከተወዳዳሪዎቹ የበለጠ ኃይል ለሚያቃጥለው ክቡር ሰውነትዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ረጅም ዕድሜና አጭር የሥልጣን ዘመን ከልቤ እመኝልዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
ልብስ ሰፊዋ የፌንጣ እኅት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የከባድ ሚዛኑ ቦታ ባዶ ይቀራል ብለው አይጨነቁ። በሐኪሟ ገለጻ መሠረት ትርፉ ምግብ ስቡን ለወንድሜም ለእርስዎም ሰጥቷል፤ ጡንቻ የጨመረው ግን ለእርስዎ ብቻ ነው። በሳይንሱም በሚዛኑም ከእርስዎ የተሻለ ተወዳዳሪ ስለሌለን፣ ማስታወቂያው ላይ የወንድሜን ስም ሰርዤ የእርስዎን ጽፌአለሁ፤ የካምፑ ልጆችም በጭብጨባ ደግፈዋል። ቁምጣዎ ተሰፍቶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስዎታል፤ ወገቡ ላይ ጨርቅ አልቆጠብሁም። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ በተጋጣሚዎ አገር ዶሮውን የሚበላው ቦክሰኛው ነው አሉ።